«አትክፈቱ» ሲቀደድ «ክፈቱ» ይሆናል፦ ለሥራ ቦታ የሚሆን መለያ እንዴት ተዘጋጅቶ ይታተማል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እሠራበት በነበረ አንድ ጋራዥ የባትሪ አሲድ በሃይላንድ ይቀመጥ ነበር። ሃይላንድ ስል ያው ሁላችን የምናውቀውን የውሃ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። የሚጠጣው ውሃም በሃይላንድ፣ አሲዱም በሃይላንድ። ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ። ነባሮቹ ሠራተኞች «በግራ ያለው አሲድ ነው» ብለው ያውቁታል። ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ልጅ ግን ከየት ያውቃል? ጠምቶት አነሳው። ከንፈሩ ጋ ሊያደርሰው ሲል ከጎኑ የነበረው በያጅ እጁን መታው። ፕላስቲኩ ወደቀ፣ ሱሪው ተበሳሳ፣ እግሩ ላይ ትንሽ ተቃጠለ። ልጁ ግን ተረፈ።

በማግስቱ ነው ስቲከር መሥራት የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ በወፍጮ ቤትም፣ በእንጨት ሥራም፣ በመጋዘንም ሠርቻለሁ። የተማርኩትን እንዳለ ልንገራችሁ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ኮምፒውተር፣ ሠፈር ያለ ማተሚያ ቤት እና ስቲከር ወረቀት ይበቃል።

በደብተር እንጂ በኮምፒውተር አትጀምሩ

ብዙ ሰው ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ «ማስጠንቀቂያ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ተዉት። መጀመሪያ ደብተር ይዛችሁ ግቢውን ከበር እስከ ጓሮ ዙሩት። ከተቻለ ደግሞ አዲሱን ሠራተኛ ይዛችሁ ዙሩ። ነባር ሠራተኛ አደጋውን ለምዶታል፣ ዓይኑ አያየውም። አዲሱ ግን «ይሄ ምንድነው? ይሄስ ሲነካ ምን ይሆናል?» ይላል። እሱ የጠየቀውን ሁሉ ጻፉት፣ መለያ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ቁም ነገር ዕቃውን ሠራተኛው በሚጠራበት ስም መዝግቡት። ካቻቢቴ የሚሉትን «ጠመንጃ መፍቻ» ብላችሁ ብትጽፉ ልክ ናችሁ፣ ግን እዚያ ቤት ማንም እንደዚያ ካላለ ለማን ጻፋችሁት? ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ሮንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ግራይንደር። በአፍ የሚጠራው ስም ስቲከሩ ላይ ይውጣ።

ማንበብ የማይችል ሠራተኛም አለ። ኦሮምኛ አፍ የፈታና አማርኛ ፊደል የማያነብም አለ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሥዕል ይጨመርበት። ካስፈለገም ሁለተኛው ቋንቋ ከሥር ይግባ።

ቃሉን ማሳጠር

በአንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት እንዲህ ይላል፦ «ማሽኑን ከማጽዳት በፊት የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጡን ማረጋገጥ ግዴታ ነው»። ዱቄት በሸፈነው ግድግዳ ላይ ይህን ቆሞ የሚያነብ ሰው የለም። እኔ «አጥፉ። ከዚያ አጽዱ።» ብዬ ቀየርኩት። ሦስት ቃል ነው። ከበር ላይ ይነበባል።

በብዙ ቁጥር ጻፉ። «አትንካ» ካላችሁ ለወንድ ብቻ ተናገራችሁ፣ «አትንኩ» ግን ሴቱንም፣ ወንዱንም፣ ትልቁንም ሳያስቀይም ይይዛል።

አሁን ደግሞ በጣም የምፈራውን ነገር ልንገራችሁ። በአማርኛ መከልከያው ቃሉ ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው። «አትክፈቱ»፣ «አትንኩ»፣ «አታብሩ»። ስቲከር ደግሞ መላጥ የሚጀምረው ከጥግ ነው። የግራው ጥግ ተቀዶ «አት» ከሄደ የሚቀረው «ክፈቱ» ነው! «አትንኩ» «ንኩ» ይሆናል። የከለከላችሁት ነገር ትእዛዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ የብሬከር ሳጥን ላይ ነው፣ ፊደሉ በዘይት እጅ ታሽቶ ጠፍቶ «ክፈቱ» ብቻ ቀርቶ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ከቃሉ በስተግራ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ተዉ፣ ወይም ቀዩን የመከልከያ ክብ እዚያ አስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ቃሉን በፍጹም ሁለት መስመር ላይ አትሰንጥቁት። ሦስተኛ፣ ከተቻለ መከልከያውን ገልብጡት። «አትክፈቱ» ከማለት «ዝግ ይሁን» ማለት ይሻላል። ይህ ተቀደደም አልተቀደደም ትርጉሙ አይገለበጥም።

ቀለምና ቅርጽ

ቀለሙን እንደየፍላጎታችን አንመርጥም። ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ አይኤስኦ 7010 የሚባለው ደረጃ ነው። ቀይ ክብ ከሰያፍ ሰረዝ ጋር ክልክል ማለት ነው። ሰማያዊ ክብ ግዴታ ነው፣ ለምሳሌ መነጽር አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተጠንቀቁ ይላል። አረንጓዴ አራት ማዕዘን መውጫንና የመጀመሪያ ዕርዳታን ያሳያል። ቀይ አራት ማዕዘን ደግሞ የእሳት ማጥፊያ ያለበትን ነው። ከፋብሪካ ወደ እናንተ የመጣ ሠራተኛ እነዚህን ያውቃቸዋል። እናንተ ለውበት ብላችሁ መከልከያውን አረንጓዴ ካደረጋችሁት ታሳስቱታላችሁ።

ቢጫ ላይ በጥቁር መጻፍ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። በነጭ ላይ በቢጫ መጻፍ ግን ወረቀት ማባከን ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ቀይ ቀለም ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ ውጭ ለሚሰቀል ነገር ክቡን ቀይ አድርጉና ቃሉን በጥቁር ጻፉት። ክቡ ቢደበዝዝ ቃሉ ይቀራል።

ፊደሉ

የእኛ ፊደል እግርና ቀለበት ይበዛዋል። «ቀ»፣ «ቁ»ና «ቂ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ «ሰ»ና «ስ»ም እንደዚያው። ከሩቅ ሲታይ ጭረቷ ትጠፋለች። በጣም ሲወፍርም ቀለበቱ በቀለም ይሞላና ሁሉም አንድ ይመስላል። ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ለደብዳቤ ያምራል፣ ለግድግዳ ግን ቀጭን ነው። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እጠቀማለሁ፣ በነፃ ይወርዳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለው ኢብሪማም ይሠራል። ሁለቱንም በጣም አታወፍሯቸው።

መጠኑስ? የተለመደው ልኬት ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር የፊደል ቁመት ነው። እኔ ለአማርኛ እጥፍ አደርገዋለሁ። ከ6 ሜትር መነበብ ያለበት ከሆነ 4 ሳንቲሜትር። ኮምፒውተሩ ላይ «72» የሚለውን የፊደል መጠን ቁጥር አትመኑት፣ ፊደሉ ወረቀት ላይ ከጠበቃችሁት ያንሳል። አትሙና በማስመሪያ ለኩ።

ሌላ ሁሌም የሚያጋጥም ችግር አለ። ቤት ውስጥ አሳምራችሁ ጽፋችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወይም የማይታወቅ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፊደል ከጻፋችሁ፣ ወይም ያ ፊደል እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ይህ ይመጣል። በዩኒኮድ ጻፉ። ስትጨርሱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በፒዲኤፍ ሲሄድ ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ከማሳተማችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ አንድ ጊዜ በዓይናችሁ አንብቡት።

ገጹን ማሰናዳት

በዎርድ በቂ ነው። ኤ4 ገጽ ክፈቱ፣ ዳር ዳሩን በሁሉም በኩል 1 ሳንቲሜትር አድርጉ። ከዚያ ባለ 2 ዓምድና ባለ 5 ረድፍ ሰንጠረዥ አስገቡ። የእያንዳንዱን ቁመት በትክክል 5.4 ሳንቲሜትር ብላችሁ ቆልፉት፣ አለበለዚያ ጽሑፍ ስትጨምሩ ራሱን ይለጥጣል። በአንድ ገጽ 10 መለያ ታገኛላችሁ፣ እያንዳንዱ ወርዱ 9.5 ሳንቲሜትር የሆነ። ከሰንጠረዡ በታች ዎርድ የሚተዋት ባዶ መስመር አለች፤ እሷ ናት ሁለተኛ ባዶ ገጽ እያመጣች ስቲከር የምታስበላችሁ። የፊደሏን መጠን 1 አድርጓት፣ ትጠፋለች።

እኛ አገር በብዛት የሚገኘው ስቲከር ያልተቆረጠ ሙሉ ገጽ ነው። ስለዚህ የሰንጠረዡን መስመር በስሱ ግራጫ አድርጋችሁ ተዉት፣ በኋላ በካተር የምትቆርጡት በእሱ ላይ ነው። ጥጎቹን በመቀስ ክብ አድርጓቸው። ሹል ጥግ ቶሎ ይላጣል።

ማተም

ሌዘርና ኢንክጄት ፕሪንተር አንድ አይደሉም። የኢንክጄት ቀለም አብዛኛው በውሃ ይለቃል፣ የረጠበ እጅ ሲነካው ይዘረጋል። የሌዘር ጥቁር ቶነር ግን ወረቀቱ ላይ በሙቀት የቀለጠ ስለሆነ ይጠነክራል። ምርጫ ካላችሁ ሌዘር። ኢንክጄት ብቻ ካለ ሰፊ፣ ውስጡን የሚያሳይ ስኮች ከላይ ልበጡበት፣ ዳሩን ከስቲከሩ አልፎ እንዲሄድ አድርጋችሁ።

እዚህ ላይ አደራ! ለኢንክጄት የተሠራ የፕላስቲክ ስቲከር ሌዘር ውስጥ አታስገቡ። ሌዘሩ ወረቀቱን የሚያልፍበት ቦታ 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ውስጡ ይቀልጣል። የሰው ማሽን ታበላሻላችሁ። ግማሹ የተላጠ ገጽም መልሳችሁ አታስገቡ፣ የቀረው ውስጥ ተላጦ ይጣበቃል። ማሸጊያው ላይ «ሌዘር» የሚል መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

ከማሳተም በፊት አንድ ቅጂ በተራ ወረቀት አውጡ። መጠኑን የማሳነስ ምርጫው ጠፍቶ 100 በመቶ ላይ መሆኑን ለባለሙያው ንገሩት። ተራውን ወረቀት ወስዳችሁ ቦታው ላይ በስኮች ለጥፉት። ራቅ ብላችሁ እዩት። አንድ ሰው ጠርታችሁ «ምን ይላል?» በሉት። ካመነታ እንደገና ጻፉት። ስቲከር ወረቀት ከተራው ወረቀት ይወደዳል፣ ይህ ሙከራ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በደረሰኝ ማሽን የሚወጣው ሙቀት የሚጽፈው ወረቀት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያጠቁረዋል፣ ወይም ጽሑፉ ይጠፋል። ለደኅንነት ምልክት አይሆንም።

መለጠፍ፣ የእኛ አገር ብርድ የሚፈታተነው ሥራ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብረቱ ውርጭ ይዞ ያድራል። በዚያ ሰዓት የለጠፋችሁት ስቲከር የያዘ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ታገኙታላችሁ። ሙጫው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ብረቱ ላይ አይሰርግም። እኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አልለጥፍም። ስቲከሩንም ኪሴ ውስጥ ወይም ሞቅ ያለ ክፍል አሳድረዋለሁ። ደብረ ሲና በኩል ያላችሁ ደግሞ ጉሙ ግድግዳውን ያረጥበዋል፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ከሠራችሁ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ፀሐይዋ ቀለሙን ትበላዋለች። ለውጭ በር ስቲከር አትመኑ፣ ላሚኔት አድርጋችሁ (በፕላስቲክ አስለብጣችሁ) በሽቦ ወይም በሪቬት እሰሩት።

የሚለጠፍበት ቦታ ዘይት ካለው በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል ይጠረግ። በነጭ ጋዝ አትጨርሱት፣ የማይታይ ቅባት ይተዋል። አልኮሉንም ብየዳ ካለበት ራቅ አድርጉ። ስትለጥፉ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ በጨርቅ እየገፋችሁ ሂዱ፣ አየር እንዳይቀር። ለአንድ ቀን አትነካኩት።

ላሚኔት ስታደርጉ ከወረቀቱ ዙሪያ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲሜትር ፕላስቲክ ይትረፍ። ወረቀቱ ዳር ድረስ ከቆረጣችሁት ውሃ ይገባበታል። መብሻውም በዚያ በተረፈው ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይሁን፣ ለመብሻ ያለውን ጎን ሰፋ አድርጉት።

ኬሚካል ያለበት ዕቃ

ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። የመጀመሪያው ነገር ስቲከር አይደለም፣ ዕቃውን መቀየር ነው። አሲድ፣ ቲነር፣ በረኪና፣ ቤንዚን በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥ። አለቀ። በመጣበት ጄሪካን ይቆይ፣ ከተቀዳም መልኩ ከመጠጥ ዕቃ በማይመሳሰል ጠንካራ ዕቃ ይቀዳ። ከዚያ በኋላ መለያው ይመጣል። በላዩ ላይ ስሙ ትልቅ ሆኖ ይጻፍ፣ ዋናው አደጋ በአንድ ሐረግ ይጻፍ፣ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ፣ የተቀዳበት ቀን ይጻፍ። በቀይ ድንበር የተከበበው ዓለም አቀፉ የኬሚካል ምልክት ካለ ከመጀመሪያው ዕቃ ላይ አይታችሁ ያንኑ ገልብጡ። ለምሳሌ የእኔ እንዲህ ይላል፦

«የባትሪ አሲድ። ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር። ዓይን ከነካ ብዙ ውሃ አፍስሱና ሐኪም ቤት ሂዱ። አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል፣ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።»

በረኪናው ላይ ደግሞ «ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም፣ መርዛም ጋዝ ያወጣል» የሚለው ግድ ነው። ሽንት ቤት የሚያጸዱ ሰዎች ሁለቱን አንድ ላይ ያፈሳሉ።

ቀለምና ቲነር የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ የማልረሳው አንድ ሌላ ምልክት አለ፦ «ከሰል ክልክል»። የእኛ ብርድ ሰውን ምድጃ ያስይዛል። ጠዋት በእጁ ከሰል ይዞ የማይገባ የለም። የቲነር ተን ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ተስቦ ምድጃው ጋ ይደርሳል። «ሲጋራ ክልክል» ብቻ መጻፍ ለእኛ አይበቃም። ጄኔሬተሩ ላይም «ናፍጣ ብቻ» እና «ቤት ውስጥ አይነሳም» የሚሉ ሁለት መለያዎች ይኑሩ።

ብሬከርና የጥገና ታግ

የብሬከር ሳጥን ላይ «መስመር 1፣ መስመር 2» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። ሥራ በሌለበት ቀን ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ አንድ አንድ እያጠፋ፣ ሌላው እየዞረ ምን እንደጠፋ ይጩህ። ከዚያ «የትልቁ ወፍጮ ሞተር»፣ «የብየዳ ሶኬት»፣ «የቢሮ መብራት» ብላችሁ ጻፉ።

ማሽን ሲጠገን የሚሰቀል ታግ ደግሞ ለብቻው ይሠራ። «አታብሩ! ሰው እየሠራ ነው» ይላል። ከሥሩ የጠጋኙ ስም፣ ስልክ፣ ቀን። ላሚኔት ከሆነ በማርከር ተጽፎ ይጠፋል፣ ደጋግሞ ያገለግላል። ታጉ ብቻውን ግን ሰው አያድንም፣ ቁልፍ አብሮ ይቆለፍበት። ቁልፉም ታጉም የሚነሳው በሰቀለው ሰው እጅ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

አሠሪ ለሆናችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅና ስለ አደጋው የማሳወቅ ግዴታ ይጥልባችኋል።

መጋዘኑ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። መለያውን መደርደሪያው ላይ ለጥፉ እንጂ ክዳኑ ላይ አይሁን፣ ክዳን ይቀያየራል። ለብሎን ሁለቱንም ስም ጻፉ፦ «ኤም 8፣ ባለ 13 ቁልፍ»። ሜካኒኩ የሚጠይቀው በቁልፉ ቁጥር ነው፣ ነጋዴው የሚሸጠው ግን በኤም ነው። ለማያነብ ሰው ደግሞ አንድ ብሎን ሣጥኑ ፊት ላይ በሽቦ እሰሩለት። ሣጥኑ ውስጥ ቀይ መስመር አስምራችሁ «እዚህ ሲደርስ ይታዘዝ» በሉ።

የእሳት ማጥፊያው መለያ ከዕቃው በላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ጆንያ ሲከመር ማጥፊያው ይሸፈናል፣ ምልክቱ ግን ይታያል። ከሥሩ መሬት ላይ ቢጫ ቀለም ቀቡና «ዕቃ አይቀመጥም» ጻፉበት።

በየመለያው ታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ በትንሹ የተለጠፈበትን ወርና ዓመት አስገቡ። እኔ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ደብተሬን ይዤ እዞራለሁ። የተላጠ፣ የደበዘዘ፣ ቦታው የተቀየረ ካለ እመዘግባለሁ። ፒዲኤፉ ስልኬ ላይ ስላለ በዚያው ቀን ይታተማል።